ሦስት ቀን የቆመ ዳስ

ሙያዬ ፊርማ ማመሳከር ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ተቀምጬ፣ ሰው የገዛ ገንዘቡን ሊያወጣ ሲመጣ በቅጹ ላይ ያኖረውን ፊርማ በመዝገብ ካለው ናሙና ጋር አስተያያለሁ። የአንዷ ፊደል ጅራት ካጠረች «እባክዎ እንደገና ይፈርሙ» እላለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ውድ አንባብያን፣ የሰውን ስም ከሰው ሥራ ጋር በማገናኘት ረገድ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ አምን የነበርኩ መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ እስከ በሩ በደረሰበት ሰዓት፣ አንዲት ሴት መስኮቴ ዘንድ ደርሳ ቅጽ በማቀበል ፈንታ ከቦርሳዋ መጽሐፍ አወጣች። የእኔን መጽሐፍ! በ2016 ዓ.ም. ዕቁብ ሲደርሰኝ በአምስት መቶ ቅጂ ያሳተምኳት የግጥም መድበሌ ነበረች። (ከአምስት መቶው ሦስት መቶ ያህሉ ዛሬም አልጋችን ሥር መሆናቸውን ባለቤቴ ቤት በጠረገች ቁጥር ታስታውሰኛለች።)

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኅቴ» ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ገጣሚ ነኝ ለሚል የባንክ ሠራተኛ በሰኞ ጠዋት ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣለታል?

«እንዲፈርሙልኝ አይደለም» አለች። «ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ያነሣው አባቴ ነው። ስሙን ከፊት እስከ ኋላ ፈለግሁት፤ የለም።»

የመለስኩላት መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ዳሱን የሠራው ደግሞ የእኔ አባት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «የእርሳቸው ስም ግን ገጽ ሁለት ላይ ተጽፏል።»

መጽሐፉን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ሄደች። ከኋላዋ የነበሩ አንድ አዛውንት ቅጻቸውን በመስኮቱ አሾልከው ሰጡኝ። ፊርማቸውን አስተያየሁ፤ ልክ ነበር።

ዳሱ የተጣለው በጥር 1994 ዓ.ም. ለታላቅ እኅቴ ሠርግ ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ አናጢ ነበር፤ በሰፈራችን ሠርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር ለዳስ የሚጠራው እርሱ ነው። የሰፈሩ ዳስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ የባሕር ዛፍ ቋሚና አግዳሚ፣ ከላይ ቅጠል፣ ከታች ቄጠማ። ለልጁ ሠርግ ግን ሌላ ነገር አሰበ። ቀርከሃ አስመጥቶ ሰነጠቀ፤ ውኃ ውስጥ አሳደረ፤ ከዚያም እየለመጠ አሥራ አንድ ቅስት አቆመ፤ ትልቁ ከመግቢያው፣ ሌሎቹ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ በጥቂት በጥቂቱ እያነሱ። ጎንና ጎኑን በጽድ ቅጠል ሸፈነ። ከላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠረ። ውስጡ የገባ ሰው ቀና ሲል የጎድን አጥንት የሚመስሉትን ቅስቶች እያየ ዮናስን ያስታውስ ነበር፤ ልዩነቱ የእኛ ዓሣ አንበሪ ብርሃን የሚያስገባ መሆኑ ብቻ ነው።

አንድም ምስማር አልነበረበትም። ምክንያቱ ጥበብ አይደለም፤ ቋሚዎቹ የጎረቤት ስለነበሩ መበሳት አልተፈቀደም። ሁሉም በልጥ ታሰረ። እያንዳንዱ እንጨት እግሩ ላይ የባለቤቱ ምልክት በከሰል ተደርጎበት ነበር። ዳሱ ቅዳሜ ተጠናቀቀ፤ እሑድ ሠርጉ ሆነ፤ ሰኞ መልሱ፤ ማክሰኞ ጠዋት ፈረሰ። እኩለ ቀን ሳይሆን እያንዳንዱ ቋሚ ባለቤቱ ግቢ ገብቶ ነበር። የቀሩትን ጉድጓዶች አፈር እየመለስኩ በእግሬ የደፈንኳቸው እኔ ነኝ።

ፎቶግራፉ የተነሣው ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ከጦሳ ተራራ ጉም በሚወርድበት ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺው ለእሑድ ተቀጥሮ ነበር፤ የቅዳሜዋን ግን ማንም አላዘዘውም። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ ሰው የሌለበትን ዳስ አነሣ። ከሠርጉ በኋላ አንዷን አሳጥቦ ለአባቴ በስጦታ ሰጠው፤ አንዷን ደግሞ አሳድጎ በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀላት። ለብዙ ዓመታት እዚያው ነበረች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል፤ ሙሽሮች እርሷን አይተው ይገባሉ። ከሥሯ የፎቶ ቤቱ ስም እንጂ የአባቴ ስም አልነበረም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ይህ ያንገበግበኝ ጀመር። አንድ ቀን ለአባቴ ብነግረው ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ «ዳሱማ ፈርሷል፤ ምኔን ወሰደብኝ?» አለኝ።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈ። በልቅሶው የቆመው የዕድሩ ባለብረት ድንኳን ነበር። የብረቱ እግር በዝናቡ እየሰመጠ አንድ ጎኑ ሲያዘነብል እያየሁ፣ ይህን ቢያይ ኖሮ ተነሥቶ ያቃናው ነበር እያልኩ ተቀመጥኩ። እንግዲህ መጽሐፌ ስትታተም ያችን ፎቶግራፍ ሽፋን ላይ ማድረጌ፣ ገጽ ሁለትም ላይ ዳሱ የማን የእጅ ሥራ እንደሆነ ከነሙሉ ስሙ መጻፌ ዕዳ የመመለስ ያህል ነበር። ከፎቶዋ ጀርባ የፎቶ ቤቱ ሐምራዊ ማኅተም አለ። ማተሚያ ቤቱ የገለበጠው የፊቱን ገጽ ነው፤ ጀርባውን ማንም አላየም። እኔም፣ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስመታ የምውል ሰው፣ አላየሁም። ወይም አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ይቅርታ መጠየቅ አልነበረም፤ ጥፋተኛ አይደለህም የሚለኝ ሰው መፈለግ ነበር። በባንካችን የሕግ ክፍል የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ምሳ ጋበዝኩትና ጉዳዩን አስረዳሁት፦ ዳሱ የአባቴ፤ ፎቶ አንሺው የቆመው በሕዝብ መንገድ፤ የተነሣው ነገር በሦስተኛው ቀን የፈረሰ። ከሣቀ በኋላ «ያንተን ጥያቄ በርሊን ላይ ተከራክረውበታል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ሌሊቶች ግጥሙን ትቼ የበርሊኑን ነገር አነበብኩ።

በጀርመን የቅጅ መብት ሕግ ውስጥ «የፓኖራማ ነፃነት» የሚሉት ድንጋጌ አለ። በመንገድና በአደባባይ በቋሚነት የሚገኝን ሐውልት ወይም ሕንፃ ማንም ሰው ከውጭ ፎቶግራፍ ሊያነሣው፣ ፎቶውንም አባዝቶ ሊሸጠው ይችላል፤ የቀራፂውንም ሆነ የአርክቴክቱን ፈቃድ አይጠይቅም። ደግ ሕግ ነው። የከተማ ገጽታ የሁሉም ነው ይላል። ክርክሩ የተነሣው «በቋሚነት» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በፖስትካርድ ነው፤ ይህ እጅግ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በርሊን ይኖር የነበረ ማይክል ከለን የሚባል አሜሪካዊ የራይሽታግ ሕንፃ ያለበት ፖስትካርድ ለሠዓሊው ክሪስቶ ላከለት፤ ይህን ለምን በጨርቅ አትጠቀልለውም ሲል። ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ (ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1935 ነው) ግዙፍ ነገሮችን ጠቅልለው ለጥቂት ቀናት የሚያሳዩና ከዚያ የሚያፈርሱ ሰዎች ነበሩ። ራይሽታግን ለመጠቅለል ፈቃድ እስኪያገኙ ከሃያ ዓመት በላይ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻም ጉዳዩ እንደ አንድ የመንግሥት ጉዳይ በጀርመን ምክር ቤት ቀረበ። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1994 እንደራሴዎቹ ተከራክረው ድምፅ ሰጡ፦ 292 ድጋፍ፣ 223 ተቃውሞ። መራሔ መንግሥቱ ሄልሙት ኮል ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። አንድ ምክር ቤት የሥነ ጥበብ ሥራ ይደረግ አይደረግ ብሎ ድምፅ ሲቆጥር፣ ለእኔ ከጨርቁ ይልቅ ቆጠራው ግጥም ይመስለኛል።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ሕንፃው ተጠቀለለ። ከ100,000 ካሬ ሜትር በላይ ብርማ ጨርቅ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሰማያዊ ገመድ፣ በገመድ ተንጠልጥለው ጨርቁን የሚዘረጉ 90 ተራራ ወጪዎች። የቆየው 14 ቀን ነው። ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መጥቶ አየው፤ አንድም ሰው ለማየት አልከፈለም። አሠሪ ድርጅት አልነበረም፤ የመንግሥት ገንዘብም አልገባበትም። ወጪውን ሁሉ የቻሉት ባልና ሚስቱ ክሪስቶ የሚሠራቸውን ንድፎችና ሥዕሎች በመሸጥ ነው። ሲፈርስም ጨርቁ ለሌላ አገልግሎት ተመለሰ። እዚህ ላይ ሳነብ የጎረቤቶቻችን እንጨት እግር ላይ የነበረው የከሰል ምልክት ትዝ አለኝ።

ጨርቁ ወረደ፤ ፖስትካርዱ ግን ቀረ። አንድ የፎቶግራፍ ድርጅት የተጠቀለለውን ራይሽታግ ፎቶ በፖስትካርድ አትሞ ያለ ፈቃድ ይሸጥ ነበር። ባልና ሚስቱ ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2002 ለከሳሾቹ ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሥራው የቆመው እንደ ኤግዚቢሽን ለተወሰነ ጊዜ ለመታየት እንጂ በቋሚነት ሊኖር አይደለም፤ ስለዚህ የፓኖራማው ነፃነት አይደርስበትም። (ፓሪስ ውስጥም በ1985 ፖን ኔፍ የተባለውን ድልድይ በጠቀለሉ ጊዜ ተመሳሳይ ሙግት ተነሥቶ ፍርድ ቤቱ ለእነርሱ ፈርዶ ነበር።)

መጀመሪያ ላይ ፍርዱ አናደደኝ። አምስት ሚሊዮን ሰው በነፃ ያየውን፣ ያውም በሕዝብ እንደራሴዎች ድምፅ የቆመውን ነገር፣ እንዴት ፖስትካርድ ላይ ለማተም ፈቃድ ይጠየቃል? ደግሞስ ነገሩ መገላበጡ አይገርምም? መቶ ዓመት የሚቆም ሕንፃ ለማንም ነፃ ነው፤ ነገ የሚጠፋው ይጠበቃል። ምስሉ እንዲቀር አጥብቀን የምንሻው ግን ይህንኑ የሚጠፋውን ነው። ሰንበት ብዬ ሳስበው ግን ቁጣዬ እየላላ መጣ። ቋሚው ሕንፃ ፎቶው ቢሸጥበትም ነገ ባለበት ነው። ለ14 ቀን የቆመ ሥራ ግን ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ያለው ሀብት ምስሉ ብቻ ነው፤ ሠሪዎቹም ደግሞ የሚኖሩት በምስል ነው። ጎብኚው ለማስታወሻ ማንሣቱን፣ ጋዜጣውም የዕለቱን ዜና ብሎ ማተሙን የከለከለ የለም። ክርክሩ ምስሉን ማን ይሽጥ የሚል ነበር።

የጀርመን ሕግ ዐዋቂዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይላሉ፤ ወድጄዋለሁ። ከበረዶ የተቀረጸ ምስል፣ መንገድ ላይ በጠመኔ የተሣለ ሥዕል፣ እስኪቀልጥ ወይም ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ እዚያው እንዲኖር የተተወ ከሆነ እንደ ቋሚ ይቆጠራል። የተፈጥሮ ዕድሜውን እዚያው ጨርሷልና። መለኪያው የቀናቱ ቁጥር ሳይሆን ሠሪው ለሥራው ያሰበለት ፍጻሜ ነው ማለት ነው። በዚህ መለኪያ የመስቀል ደመራ ቋሚ ነው፤ የሚጠፋው በራሱ እሳት ነውና። የአባቴ ዳስ ግን ጊዜያዊ ነው። ልጡ በስብሶ እስኪበጠስ አልተጠበቀም፤ ማክሰኞ እንደሚፈርስ ቅዳሜም ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ የምሥራች ይዤ ወደ ወዳጄ ተመለስኩ። «እንግዲያው ያ ፎቶ በመስኮት መሰቀሉ የአባቴን ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር!» አልኩት። «በርሊን ቢሆን ምናልባት» አለኝ። «ግን በርሊን ላይ የተፈረደው ሠሪው ፎቶውን በነፃ ይውሰድ ተብሎ አይደለም። ዳሱ አንድ መብት ነው፤ ፎቶው ሌላ መብት ነው። አንተ አንዱን ወረስክ፤ ሁለተኛውን ወሰድክ።» ደግሞም የክሪስቶንና የዣን ክሎድን ሥራ ፎቶ ተመልከት አለኝ። ተመለከትኩ። ለብዙ ዓመታት ሥራዎቻቸውን ያነሣላቸው የነበረው ቮልፍጋንግ ፎልዝ የሚባል ሰው ነው፤ ስሙ ከፎቶዎቹ ጋር አብሮ ይታተማል። ስለ ምስላቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄዱት ባልና ሚስት የፎቶ አንሺያቸውን ስም አልዘለሉም።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ይህን እንዳነበብኩ የባንክ ሠራተኛው አእምሮዬ ሳላዘው ሒሳብ ሠራ፦ ጥር 1994 ሲደመር 25፣ ጥር 2019። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብታገሥ ጊዜው ያልፋል! አልጋ ሥር ያሉትን ሦስት መቶ ቅጂዎች እስከዚያ አለመሸጥ ለእኔ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ሳልፈልግም ስፈጽመው ኖሬአለሁ። ይህን ማሰቤን እዚህ መጻፍ አልነበረብኝም ይሆናል። ግን አስቤዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሃያ ቅጂዎችና ገንዘብ ያለበት ፖስታ ይዤ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱን አሁን የምታስተዳድረው ልጅየው ናት፤ ሥራው ጉርድ ፎቶና ፎቶ ኮፒ ሆኗል። መስኮቱ ላይ ያቺ ዳስ የለችም። አባትየው ከውስጥ በኩል ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል፤ አንድ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩት፤ ማን እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። ፖስታውን ስሰጠው «አይሆንም» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተቀበለና «ቁጠሪው» ብሎ ለልጁ ሰጣት። ቆጠረችው። በውስጤ ደስ አለኝ፤ የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ወግ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚያ መጽሐፉን ወደ ደኅናው ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

«ቆርጣችሁታል» አለ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ጉሙን ነዋ! ከላይ ሁለት ጣት ያህል ቆርጣችሁታል። ይኸ ፎቶ እኮ የጉሙ ነው። ዳሱንማ ማንም ያነሣዋል፤ ቆሟል አይደለም እንዴ? እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ የጠበቅሁት ጉሙ ወርዶ አቡጀዲውን እስኪነካ ነው። ሲነካው የቱ ጉም የቱ ጨርቅ እንደሆነ አይለይም።»

መጽሐፉን ተቀብዬ አየሁ። የመጽሐፉ ርእስ እንዲገባ ተብሎ የፎቶው ራስ ተቆርጧል። ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ያን ፎቶ ሳይ የአባቴን ቅስቶች ስቆጥር ኖሬ ጉሙን አላየሁትም ነበር።

በዚህ መሃል የልጅነት ቁጣዬ አገረሸና ጠየቅሁት፤ ለምን የአባቴን ስም መስኮቱ ላይ እንዳልጻፈ። «ማን ጠየቀኝ?» አለ፤ ሳይቆጣ፣ ሳያፍርም። ቀጥሎ ለልጁ የሆነ ነገር አላት፤ እርሷም ከመደርደሪያው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። ኔጋቲቮቹ በወረቀት ፖስታ በፖስታ ሆነው ተደርድረዋል። ስትፈልግ ቆይታ አንዱን አወጣች። በላዩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዳስ። የአናጢው። ጥር 94» ተብሎ ተጽፏል።

«አናጢው ማን ይባሉ ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። ለልጁ «ጻፊው» አላት፤ እርሷም ከ«አናጢው» ቀጥሎ የአባቴን ስም ከነአያቱ ጻፈች። እኔም ገጽ ሁለትን ገልጬ ከአባቴ ስም ሥር የእርሱን ስም ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ «የለም፣ ራሴ እፈርማለሁ» አለ።

ሃያዎቹን ቅጂዎች አንድ በአንድ እየገለጥኩ ሰጠሁት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ፊርማ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው መስመሩን ለቆ የአባቴን ስም ይነካል፣ ሦስተኛው መሃሉ ላይ ይቋረጣል። ሁለት የሚመሳሰሉ አልነበሩም። ባንክ ቢሆን አንዳቸውንም አልቀበልም ነበር። የመጨረሻውን ሲጨርስ ልጅየዋ በሹክሹክታ የት እንደምሠራ ነገረችው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ በደኅናው ዓይኑ አየኝና፦

«ያልፋል?» አለኝ።